ቀሪ አንድ

ባለፈው የካቲት ለአክስቴ ልጅ ሰርግ አዳማ ሄጄ ነበር። ከመናኸሪያው በተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ አንዲት እናት የሕፃኗን ደረት በጉንፋን ቅባት ታሻለች። ትልቋ ልጇ ደግሞ አጠገቤ ተቀምጣ እርሳስ ትቀርጻለች። የቅባቱና የእርሳሱ ሽታ አንድ ላይ አፍንጫዬ ሲገባ፣ ሳላስበው ለሌላ ሰው ቦታ እንደሚለቅ ወደ ጥግ ተጠጋሁ። ልጅቷ ግራ ገብቷት "ይበቃናል እኮ" አለችኝ።

ሽታው የጋሽ ገመቹና የእትዬ አስካለ ቤት ሽታ ነበር። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በነፋሱ ወራት፣ እነሱ ቤት ሒሳብ እማር ነበር።

ያን ዓመት የመንፈቅ ዓመቱን ሒሳብ ወደቅኩ። አባቴ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ስለነበር ቤት የሚያድረው አልፎ አልፎ ነው፤ ካርዴን ያየችው እናቴ ብቻ ናት። ጸጉር ቤቷ ውስጥ የደንበኛ ጸጉር እየተኮሰች ነበር። ካርዱን ስታነብ መተኮሻውን ረስታው ጸጉሩ መጨስ ጀመረ።

"ማካፈል አትችልም!" አለች ጭሱን በእጇ እያባረረች። "አምስተኛ ክፍል ደርሳ ማካፈል አትችልም! ጉድ እኮ ነው!"

በማግስቱ እጄን ይዛ ከእኛ ግቢ ሦስተኛ በር ወደሆነው ወደ ጋሽ ገመቹ ቤት ወሰደችኝ። ጋሽ ገመቹ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው። የሰፈራችን ግማሽ ሰው በእሳቸው እጅ አልፏል። መንገድ ላይ እናቴ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አስጠነቀቀችኝ።

"እትዬ አስካለ ሰው ይረሳሉ። የማይሆን ነገር ቢናገሩ እንዳትስቂ። እሺ ብቻ በያቸው።"

እኔ "ሰው ይረሳሉ" ያለችውን እንደ ዕቃ መርሳት አድርጌ ነው የተረዳሁት። ጃንጥላ ታክሲ ውስጥ እንደሚረሳ፣ እትዬ አስካለም የሆነ ቦታ ሰው ረስተው የመጡ መሰለኝ። የት እንደረሱት፣ የተረሳውም ሰው እዚያው ቆሞ እየጠበቀ እንደሆነ እያሰብኩ ገባሁ።

ቤቱ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ረጅም አግዳሚ ወንበርና ከበሩ ትይዩ የተቀመጠ ባለ መደገፊያ ወንበር ነበር። ባለ መደገፊያው የእትዬ አስካለ ነው። ራስ ምታት ስለማይለቃቸው ግንባራቸውን ሁልጊዜ በቅባት ያሹታል። ፊታቸው ወደ በሩ ነው፤ ከበሩ ዓይናቸውን አይነቅሉም። በመስኮቱ በኩል ጋራው ላይ የተተከሉት የነፋስ ማመንጫዎች ይታያሉ፣ ሦስት ሦስት ክንፋቸውን ያለ ድምፅ እያዞሩ። ደጅ ያለችው የኒም ዛፍ ግን በነፋሱ ቀኑን ሙሉ ስትጮህ ትውላለች።

"ኮቱ፣ ኮቱ፣ ነይ" አሉኝ ጋሽ ገመቹ። በዚያ ሙቀት ካኪ ኮት ለብሰዋል። "እስከ ስንት ነው ማካፈል የምትችይው?"

"በሁለት እችላለሁ።"

"በሁለትማ ማን ያቅተዋል?" ብለው ደብተሬን ገለጡና አንድ ቁጥር ጻፉ፦ 510511። "አንብቢው።"

ሁለት ጊዜ ተሳስቼ በሦስተኛው አነበብኩት። አምስት መቶ አስር ሺህ አምስት መቶ አስራ አንድ። ያን ያህል ትልቅ ቁጥር ከዚያ በፊት በእጄ ነክቼ አላውቅም።

"ይሄ ቁጥር ከአንቺ ጋር ይከርማል" አሉ። "በመጣሽ ቁጥር አንድ ብቸኛ ቁጥር እያመጣን ታካፍይዋለሽ። ብቸኛ ቁጥር ምንድን ነው?"

አላወቅኩም።

"ከራሱና ከአንድ በቀር ማንም እኩል የማያካፍለው። ሁለት፣ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት፣ እንዲህ እያለ ይሄዳል።"

"አራትስ?"

"ሁለት ያቃተውን አራት ከየት አባቱ ይችለዋል? የምንጠይቀው ብቸኞቹን ብቻ ነው።"

በሁለት አካፈልኩ። ድርሻው ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳ አምስት ሆነ። ያው ቁጥር ሁለቴ ተጻፈ፣ አንድ ሰው ስም ጠርቶ መልስ ሲያጣ እንደገና እንደሚጣራው።

"ቀሪ?" አሉ ጋሽ ገመቹ።

"አንድ።"

"ቶኮ" አሉ በኦሮምኛ፣ ለራሳቸው ያህል። ያኔ ከባለ መደገፊያው ወንበር ቀስ ያለ ድምፅ መጣ።

"ቀሪ አንድ" አሉ እትዬ አስካለ። ከዚያ ጣታቸውን ዘርግተው ይቆጥሩ ጀመር። ወደ ባላቸው፦ "አንድ።" ወደ ራሳቸው፦ "ሁለት።" ወደ እኔ፦ "ሦስት።" ጣታቸው ግን አልቆመም። ከእኔ አለፍ ብሎ ባዶው አግዳሚ ላይ አረፈ። "አራት።"

ዞር ብዬ አየሁ። ማንም የለም። እናቴ ያለችኝን አስታውሼ "እሺ" አልኩ።

ከዚያ ተነስተው በትሪ አራት ብርጭቆ ውኃ አመጡ። ሦስቱን ለሦስታችን ሰጡ፤ አራተኛውን አግዳሚው ላይ፣ አጠገቤ አስቀመጡት።

ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት ቤት ስመለስ እሄድ ነበር። ሐሙስ በሦስት አካፈልኩ፣ መቶ ሰባ ሺህ መቶ ሰባ፣ ቀሪ አንድ። በሚቀጥለው ማክሰኞ በአምስት፣ መቶ ሁለት ሺህ መቶ ሁለት፣ ቀሪ አንድ። ማካፈሉ እየገባኝ መጣ፤ ክፍል ውስጥ እጄን ማውጣት ጀመርኩ። ፍርሃቴ ግን ከዕውቀቴ ፈጥኖ ያድግ ነበር። "ቀሪ አንድ" ባልኩ ቁጥር እትዬ አስካለ ይደግሙታል፣ ጣታቸው ይዘረጋል፣ እስከ አራት ይቆጥራሉ፣ ውኃው ይመጣል። ትምህርቱ ሲያልቅም የአራተኛው ብርጭቆ ውኃ ጎድሎ አገኘዋለሁ።

በሰባት ባካፈልኩበት ቀን ብርጭቆውን በደብተሬ ጫፍ በኩል ዓይኔን ሳልነቅል ጠበቅኩት። ውጤቱ ያው ቀሪ አንድ ነበር። እትዬ አስካለ ነፋሱ የወረወረውን በር ሊዘጉ ዞር ሲሉ ጋሽ ገመቹ ፈጠን ብለው ብርጭቆውን አነሱና ግማሹን ጠጥተው መልሰው አስቀመጡት። ዓይናችን ተጋጨ። ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

እትዬ አስካለ ተመልሰው ብርጭቆውን አዩና ፊታቸው በራ። "ጠምቷታል" አሉ።

ውኃውን የሚጠጣው ማን እንደሆነ ማወቄ ሊያረጋጋኝ ይገባ ነበር። ግን ጋሽ ገመቹን የሚያህል ሰው፣ ቁጥር እንጂ ወሬ የማያምን ሰው፣ ለማይታይ ሰው ውኃ ሲጎነጭ ማየት የባሰ አስፈራኝ።

ለሰሚራ ነገርኳት። ሰሚራ የዴስክ ጓደኛዬ ናት፤ አባቷ ከወሎ መጥተው እኛ ሰፈር ሱቅ የከፈቱ ናቸው። በእረፍት ሰዓት ጥላ ስር ተቀምጠን ሁሉንም ሰማችኝ፤ ቁጥሩን፣ ቀሪውን፣ አራተኛዋን።

"ወላሂ ጂን ነው" አለች። "ስንት ቁጥር ሞከርሽ?"

"እስከ ሰባት። አስራ አንድ፣ አስራ ሦስት፣ አስራ ሰባት ይቀራሉ።"

"ሁሉም አንድ ካስቀረ?"

"እኔ እንጃ።"

"እንግዲያው ጨርሺው" አለች ሰሚራ፣ እንደ ትልቅ ሴት እጇን አጣጥፋ። "አያቴ ያልተጨረሰ ነገር ነው የሚጣራው ትላለች። እኩል የሚያካፍለውን አግኚና ቀሪ የለም በያት። ያኔ ትሄዳለች።"

በአስራ አንድ ቀሪ አንድ። በአስራ ሦስት ቀሪ አንድ። በእነዚያ ሳምንታት እትዬ አስካለ ደከሙ። ትሪው ከበዳቸው፤ በኋላ ጋሼ ራሳቸው ውኃውን ያመጡ ነበር፣ አራቱንም። ማንኪያ መያዝ ስላቃታቸው ምሳቸውን እያጎረሷቸው የደረስኩባቸው ቀንም አለ። ጋሼን ማን እንደሆኑ የጠየቋቸውም ቀን ነበር። ቆጠራው ግን አልጠፋባቸውም።

በአስራ ሰባት ያካፈልኩት በመጋቢት መግቢያ ነው። ነፋሱ የቆርቆሮ አጥሩን ያንቀጫቅጫል፤ አቧራው ጋራውን ሸፍኖት የማመንጫዎቹ ክንፍ ብቻ ከአየሩ ብቅ ጥልቅ ይላል። ሠላሳ ሺህ ሠላሳ፣ ቀሪ አንድ። እርሳሴን ወረወርኩት።

"ጋሼ፣ ለምንድን ነው ሁልጊዜ አንድ የሚቀረው?"

ጋሽ ገመቹ እርሳሱን አነሱ። "ሰባቱን ብቸኞች እርስ በርስ አባዢያቸው" አሉና ራሳቸው ጻፉልኝ። ሁለት ጊዜ ሦስት፣ ጊዜ አምስት፣ ጊዜ ሰባት እያሉ እስከ አስራ ሰባት ወረዱ። 510510 መጣ። "ይሄን ሰባቱም እኩል ያካፍሉታል። አሁን አንድ ጨምሪበት። ሰባቱም የድሮውን ተካፍለው ያቺን አንዷን ጥለዋት ይሄዳሉ።"

"ማን ነው የጨመራት?"

እርሳሱን ደብተሬ ላይ አስቀመጡ። "ልጅ ናት" አሉ።

"ከአስራ ሰባት በኋላስ? አስራ ዘጠኝ አለ አይደል?"

"ደብተርሽን እጠፊ" አሉኝ። "እዚህ ላይ ነው የምናቆመው። ሁሉንም ተማሪዬን እዚህ ላይ ነው የማቆመው። አስራ ዘጠኝን እንዳትነኪ።"

እንዳልነካ ባይነግሩኝ ኖሮ ምናልባት እረሳው ነበር።

ሐሙስ ዕለት በእረፍት ሰዓት ከሰሚራ ጋር ጥላችን ስር ተቀመጥን። እሷ የአስራ ዘጠኝን ማባዣ ትጽፍልኛለች፣ እኔ አካፍላለሁ። ሃምሳ አንድ ውስጥ አስራ ዘጠኝ ሁለት ጊዜ። መቶ ሠላሳ ውስጥ ስድስት። መቶ ስልሳ አምስት ውስጥ ስምንት። መቶ ሠላሳ አንድ ውስጥ ስድስት። የመጨረሻዋን አንድ አወረድኳት፣ መቶ ሰባ አንድ ሆነ። ሰሚራ ማባዣውን በጣቷ ወረደችና ዘጠነኛው ላይ ደርሳ ቆመች።

"አስራ ዘጠኝ ጊዜ ዘጠኝ" አለች፣ "መቶ ሰባ አንድ።"

መቶ ሰባ አንድን ከመቶ ሰባ አንድ ቀነስኩ። ሁለታችንም ዜሮዋን አየናት። ሰሚራ "ቢስሚላህ" ብላ ከአጠገቤ ራቅ አለች።

ከትምህርት ቤት ስለቀቅ ነፋሱን ፊት ለፊት እየገፋሁ ሮጥኩ። አቧራ ጥርሴ ላይ ይንቀጫቀጫል። ሳላንኳኳ በሩን በርግጄ ገባሁ።

"ጋሼ! አስራ ዘጠኝ አካፈለው! ሃያ ስድስት ሺህ ስምንት መቶ ስልሳ ዘጠኝ! ቀሪ የለም!"

ጋሽ ገመቹ ግማሽ ተነስተው ቀሩ። የተናገሩት እትዬ አስካለ ናቸው።

"ቀሪ የለም?"

ድምፃቸው ሌላ ነበር። ጠንካራና ጥርት ያለ፣ የጤነኛ ሰው ድምፅ።

"የለም፣ እትዬ።"

ከኋላዬ በሩ እንደተከፈተ ነው፤ ነፋሱ መጋረጃውን እስከ ጣሪያ አንስቶታል። እትዬ አስካለ በትከሻዬ ላይ አሻግረው ወደ በሩ አዩና ፈገግ አሉ።

"ግቢ እንግዲህ" አሉ። "አቧራውን አታስገቢብን። ዝጊው።"

በሩ ተዘጋ። ነፋሱ ነው የዘጋው፤ ያኔም ነፋስ እንደሆነ አውቅ ነበር። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ።

"ጠጋ በይላት" አሉኝ።

ጠጋ አልኩ። አግዳሚው ሲጢጥ አለ። እኔ ስለተንቀሳቀስኩ ይሁን አላውቅም። ቀኝ ክንዴን ከጎኔ ላነሳው አልቻልኩም፤ የሆነ ነገር ብነካስ ብዬ። እትዬ አስካለ ጣታቸውን ዘረጉ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ከዚያ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳርፈው ወንበራቸውን ወደ እኛ አዞሩት። ጀርባቸውን ለበሩ ሲሰጡ ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ጋሽ ገመቹ እስከ ደጁ ሸኙኝ። የተቆጡኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

"አትንኪ ብዬሽ አልነበረም?" አሉ። ድምፃቸው ሻክሯል፣ ቁጣ ግን የለበትም። "በይ ሂጂ። እኔ እስክጠራሽ አትምጪ።"

አልጠሩኝም። ሦስት ሳምንት ያህል በዚያ በር ሳልፍ ጆሮዬን እጥላለሁ። እትዬ አስካለ ያወራሉ። ጥያቄ ይጠይቃሉ፣ መልስ ለመስማት ዝም ይላሉ፣ ከዚያ ይስቃሉ። አንድ ቀን እናቴ "እትዬ አስካለ ተሽሏቸዋል መሰለኝ፤ እንቅልፍ ይተኛሉ አሉ" አለችኝ። ደስ ሊለኝ ሲገባ፣ አራተኛዋን ያስገባኋት እኔ ነኝ ብዬ በዚያ በር እየሮጥኩ ማለፍ ጀመርኩ።

አንድ አርብ ከሰዓት በኋላ ከትምህርት ቤት ስመጣ በራቸው ላይ ድንኳን እየተተከለ ነበር። ነፋሱ ሸራውን እየነጠቃቸው አራት ሰው ገመድ ይዞ ይታገላል። ቤት ገብቼ አልጋ ስር ተኛሁ።

እናቴ በእግሬ ጎትታ አወጣችኝ። "እትዬ አስካለ ናቸው እኮ! ውኃ ያጠጡሽ ሴትዮ! ጋሽ ገመቹ 'ልጅቷስ የት አለች' እያሉ ነው።"

ሊይዙኝ ነው የጠሩኝ ብዬ ሄድኩ። ጋሽ ገመቹ ፍራሽ ላይ፣ በሰው መሀል ተቀምጠዋል። ገና እንዳየኋቸው አለቀስኩ።

"ጋሼ፣ እኔ ነኝ የገደልኳቸው።"

የከበቧቸው ሰዎች ዞር አሉ። እሳቸው ተነስተው እጄን ያዙና ወደ ጓዳ አስገቡኝ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ስሚኝ" አሉ። "ሴት ልጅ ነበረችን። አንቺን ታክላለች። ቁጥሩን የሠራችው እሷ ናት። ብቸኞቹን አባዝታ፣ አንድ ጨምራ መጣችና 'አባባ፣ ማንም የማያካፍለው ቁጥር ሠራሁ' አለችኝ። እስከ አስራ ሰባት ሞክራዋለች። አስራ ዘጠኝ እንደሚያካፍለው እኔ አውቅ ነበር። ግን ራሷ ታግኘው ብዬ 'እስቲ አንድ ቁጥር ጨምሪ' ብቻ አልኳት። 'ከቢሾፍቱ ስመለስ' አለች። ትምህርት ቤቱ ሐይቁን ሊያሳያቸው ወስዷቸው ነበር።"

ከሐይቁ እንዳልተመለሰች ሳይነግሩኝ ገባኝ።

"አስካለ ደግሞ የአንደኛ ክፍል አስተማሪ ነበረች" ብለው ቀጠሉ። "ጠዋት ጠዋት ስም ስትጠራ ነው ዕድሜዋ ያለቀው። ሁሉን ስትረሳ ያ አልጠፋባትም። አንቺ ቀሪ አንድ ስትይ እሷ የምትሰማው አንዲት ልጅ አልመጣችም ብሎ ነው። ቀሪ የለም ስትያት፣ በቃ፣ ሁሉም ገቡ። ከዚያ ቀን በኋላ በር ጠብቃ አታውቅም። አንቺ አልገደልሻትም፣ የኔ ልጅ። እኔ ይሄን ሁሉ ዓመት ልነግራት የፈራሁትን ነው የነገርሻት።"

ዓይኔን በቀሚሴ ጠረግኩ። የምሄድ መስሎኝ ስነሳ ግን እጄን አልለቀቁም።

"አሁን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አልቆጣሽም፣ እውነቱን ብቻ ንገሪኝ።"

ከፍራሹ ስር ሽፋኑ የደበዘዘ አሮጌ ደብተር አወጡ። የስፌቱ ሽቦ ዝጎ ወረቀቱን ቡናማ አድርጎታል። የልጃቸው ደብተር ነበር፤ እኔ ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። መሀሉን ገለጡት። በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ንጹህ በሆነ የልጅ ጽሑፍ፣ ሰባቱም ማካፈል ከላይ እስከ ታች ተሠርቷል። ከሥራቸው 510511 ሲካፈል ለአስራ ዘጠኝ ይላል። ማካፈያው መስመር ተሰምሯል።

"ከዚህ በታች ባዶ ነበር" አሉ። "ዓመት በዓመት አየዋለሁ። ባዶ ነበር።"

አሁን ባዶ አይደለም። ሃምሳ አንድ፣ መቶ ሠላሳ፣ መቶ ስልሳ አምስት፣ እያንዳንዱ እርከን በእርሳስ ወርዶ ተሠርቷል። አንድም ስርዝ የለበትም። ሥሩ ላይ ዜሮ ተጽፎ ተከብቧል።

"ትናንት ከአስካለ ትራስ ስር አገኘሁት። አንቺ ነሽ?"

"አይደለሁም ጋሼ። በእናቴ ሞት።"

አዩኝና እንዳመኑኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። መነጽራቸውን አውጥተው ወረቀቱ ላይ ጎነበሱ። ጣታቸውን ከላይኞቹ ቁጥሮች ወደ ታችኞቹ፣ ከታችኞቹ ወደ ላይኞቹ አመላለሱት። እኔም አየሁ። ዘጠኙ፣ አምስቱ፣ ስድስቱ፣ እስክሪብቶውና እርሳሱ ካልሆነ በቀር ልዩነት አልነበራቸውም።

"መጻፍ ያስተማረቻት እናቷ ናት" አሉ። "የሁለቱን ጽሑፍ እኔ እንኳ መለየት አልችልም ነበር።"

ከውጭ ድንኳኑ ውስጥ ሰው ይጠራቸው ጀመር። ደብተሩን ዘግተው ደረታቸው ላይ አስደገፉት።

"የሷ ጽሑፍ ነው" አሉ።

የየትኛዋ እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።